የታጠበው አሸዋ

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተነሳሁት ጭጋጉ ሳይገለጥ ነው። ጭኔ ላይ ባልዲ አቅፌያለሁ፤ ውስጡ ቀይ አሸዋ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ገለጥ አድርገው አዩና፣ “ልጄ፣ ለወለጋ አሸዋ ይዘሽ ነው የምትሄጂው?” ብለው ሳቁብኝ።

በቤተ ሙከራችን በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ ያለበስነው አሸዋ ነው። ውሃ ሲያልፍበት እርሳስን ይዞ ያስቀራል። ጉቶ ጊዳ ውስጥ ያለችን አንዲት ምንጭ፣ ከላይዋ አሮጌ የመኪና ባትሪ ያቀልጡ የነበሩ ሰዎች በክለዋታል። ማጣሪያ ሠርተንላት ለወራት ደህና ነበረች፤ በመጨረሻው ናሙና ግን እርሳሱ ተመልሶ መጣ። ስልክ ብንደውል ኔትወርክ እምቢ አለ። ምክንያቱን ካላገኘሁ ምንጯ ትታሸጋለች።

ባኮ

ከአምቦ በኋላ ዝናብ ያዘን። እንቅልፍ ይዞኝ ሲሄድ፣ ሲመልሰኝ፣ ኮረብታዎቹ ከመኪናው ጋር ቀስ ብለው የሚጓዙ ይመስለኝ ነበር። ባኮ ላይ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት በመስኮት ገዛሁና አንዱን ለሳቁብኝ እናት ሰጠኋቸው። “ገለቶሚ” ብለው አመስግነው መረቁኝ። ቂሜም እዚያው ቀረ።

ጉቶ ጊዳ

ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር አድሬ በማለዳ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩም ባልዲውን አይቶ፣ “እዚያ ወንዝ ዳር ሞልቶ የለም እንዴ?” አለኝ። መንገዱ ጭቃ ሲሆን አወረደኝ። ከቁመቴ በሚበልጥ በቆሎ መሃል፣ ጉም እየነካኝ፣ በሕልም እንደምሄድ ሁሉ ሄድኩ።

የምንጯ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ሁሉም እናቴ ለማለት አዴ የሚላቸው አዴ ቶላሼ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉኝ። “አካም ጅርታ? ግቢ ልጄ፣ ግቢ።” ሴት ልጃቸው ሐዊ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ውሃ ቀዳችልኝ። ለእንግዳ የሚያቀርብ አስቀድሞ ይቀምሳልና ጣሳውን ወደ ከንፈሯ አነሳች። ከእጇ ነጠቅኋት። ውሃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

ሐዊ ቀሚሷን አራገፈች። እኔም አፈርኩ።

“እኛን ጠርጥረሽ ነው?” አሉ አዴ ቶላሼ።

“ውሃውን ነው፣ አዴ። እርሳሱ ተመልሷል። ለፅንስ ደግሞ ክፉ ነው።”

አዴ እጃቸውን የልጃቸው ሆድ ላይ አሳረፉ። ፈሩ። እኔም ፈራሁ።

ምንጯ ዘንድ ወርደን ማጣሪያውን ስከፍት አሸዋው ነጭ ሆኖ ያበራል።

“ቀይ አልነበረም?” አልኩ።

“ዝጎ አገኘነው። ለዘመን መለወጫ ሴቶቹ ተሰብስበን በሎሚ ፈትገን አጠብነው። ንጹሕ አድርጋችሁ ያዙት ብላችሁን የለም? የዛገ ዕቃ የምታስቀምጥ ሴትስ ምን ትባላለች?”

“አዴ፣ እርሳሱን የሚይዘው እኮ እሱ ዝገቱ ነው።”

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። “ሠራተኛውን ነዋ ያባረርነው” አሉ፤ ሳቃቸው ግን እንባ ነበረበት።

አዲሱን አሸዋ ሞላን። ውሃው ሲወርድ ቆይቼ በያዝኩት መሣሪያ ለካሁት፤ ንጹሕ ነው። ያን ጣሳ ሞላሁና አሁን አቅራቢዋ እኔ ነኝና አስቀድሜ ጠጣሁ፤ ከዚያ ለሐዊ ሰጠኋት። እናቷን አየች፤ አዴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጠጣች። በሕይወቴ እንደዚያ የሚጣፍጥ ውሃ ቀምሼ አላውቅም።

መልስ

ነቀምቴ ላይ የሐዊን ደም አስቀድተን በበረዶ ሣጥን ይዤ ተመለስኩ። ስሄድ አሸዋ ያቀፈው ጭኔ አሁን ሁለት ነፍስ አቅፏል። ዝናቡ፣ ኮረብታው፣ ባኮ፣ ሁሉም ያው ነበር፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው ውጤቱ የወጣው። ደህና ናት። ስልኩ ያዘልኝ፤ ለአዴ ቶላሼ ነገርኳቸው። ጮክ ብለው ለሐዊ ሲያስተላልፉላት ሰማሁ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ለሰው የማቀርበውን አስቀድሜ እቀምሳለሁ፤ ማጣሪያም ቢሆን አስቀድሜ በሚይዙት ሰዎች ዓይን አየዋለሁ። ይህን ልላቸው ስል ቀደሙኝ።

“አሸዋው እንደቀላ ነው፣ ልጄ። ሎሚ ይዛ የምትመጣውን ሴት በዱላ እየጠበቅኋት ነው።”