ሙክታርን ሳላስተምር ፈረምኩ

ይህን ታሪክ ሙሉውን የሰማ ሰው እስካሁን የለም። ባለቤቴ ጥቂቱን ያውቃል፤ የክፍላችን ኃላፊ ሌላ ጥቂት ያውቃል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የራሴን ጥፋት ሳላሳንስ የምናገረው ዛሬ ለእናንተ ነው። የምናገረውም እየተንቀጠቀጥኩ አይደለም። ቀሎኛል። ለምን እንደቀለለኝ ስትሰሙ ምናልባት ትቆጡ ይሆናል፤ ብትቆጡም ይገባኛል።

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ጅግጅጋ ውስጥ የሕክምና ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት የተግባር ፈተና ከሚፈትኑት መምህራን አንዷ ነበርኩ። የተግባር ፈተና የምንለው ተማሪው የሚያውቀውን በወረቀት ሳይሆን በእጁ የሚያሳይበት ነው። ተማሪዎቹ ከክፍል ክፍል እየዞሩ በየደረሱበት አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ፈታኙ አጠገባቸው ቆሞ ቅጹ ላይ ምልክት ያደርጋል። እኔ ክፍል የሚሠራው ሥራ ተወልዶ ያልተነፈሰ ሕፃን መርዳት ነበር። ጠረጴዛው ላይ የጨቅላ ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት አለ። አጠገቡ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት ከነጭንብሉ ተቀምጧል፤ እኛ አምቡ ባግ እንለዋለን። ተማሪው ጭንብሉን በትክክል ከያዘ የአሻንጉሊቱ ደረት ከፍ ይላል። ካልያዘ አይልም። ክርክር የለውም።

ሙክታር እዚያው ሶማሌ ክልል ውስጥ ያለችው የደምበል ወረዳ ልጅ ነው። ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው እሱ ነበር። በጽሑፍ ፈተና ከክፍሉ ቀዳሚዎች አንዱ ነው። አማርኛ የለመደው ጅግጅጋ ከመጣ በኋላ ስለሆነ «እርስዎ»ና «አንቺ» ይቀላቀሉበታል፤ አንዳንዴ በአንድ ንግግር ውስጥ ሁለቱንም ይለኛል። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ጨዋ ልጅ ነበር።

በፈተናው ቀን ተራው ደርሶ ገባ። አሻንጉሊቱን አደራረቀ፣ ጀርባውን አሸት አሸት አደረገ፤ እስከዚያ ጥሩ ነበር። ከዚያ አንገቱን ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ቀለበሰውና ጭንብሉን ፊቱ ላይ ተጭኖ ያዘ። አየሩ በጉንጩ በኩል ፍስስ እያለ ወጣ። ደረቱ አልተነሳም። ደጋግሞ ጨመቀ። አልተነሳም። ሰዓቱ አለቀና ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት ዛሬም አልረሳሁትም።

ደንቡ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የወደቀ ተማሪ ሌላው ሁሉ ቢሳካለትም አያልፍም። መምህሩ በሦስት የተለያዩ ቀናት አስቀምጦ ያስተምረዋል፣ የተሳሳተውን አንድ በአንድ ያርመዋል፣ ከዚያ እንደገና ይፈትነዋል። መምህር ስለሚያንሰን የሚያስተምረውም መልሶ የሚፈትነውም አንድ ሰው ነበር። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

አላስተማርኩትም። አንድም ቀን አላስተማርኩትም። ቅጹን አውጥቼ ሦስት ቀናት ጻፍኩበት። በሁለተኛው ቀን ላይ እስክሪብቶ ቀየርኩ፤ በተለያየ ጊዜ የተጻፈ እንዲመስል ብዬ። ከሥሩ «ጉድለቱ ታርሟል፤ በድጋሚ ፈተና አልፏል» ብዬ ፈረምኩ። እስክሪብቶ መቀየሬን ልብ በሉልኝ። ሳላስብ ያደረግኩት አይደለም። የምሠራውን አውቄ ነው የሠራሁት።

በማግስቱ ሙክታር ቢሮዬ መጣ።

«ዶክተር፣ ለትምህርቱ መቼ ልምጣ?»

«ጨርሰናል። አልፈሃል» አልኩት።

ደስ ብሎት የሚሄድ መስሎኝ ነበር። በሩን እንደያዘ ቆመ።

«ግን እኮ አልቻልኩትም» አለ። «እርስዎ አላሳየሽኝም።»

«ሥራ ላይ ትለምደዋለህ። ሁላችንም የለመድነው እንደዚያ ነው።»

ውሸት ነበር። መምህሬ እኔን ያስተማሩኝ ጣቶቼን አንድ በአንድ ይዘው ጭንብሉ ላይ እያስቀመጡ፣ እስክችል ድረስ ከአጠገቤ ሳይሄዱ ነው። እኔ የተቀበልኩትን ለሙክታር ከለከልኩ። አስተምሪኝ ብሎ ደጄ የመጣን ተማሪ መለስኩ። እሺ ዶክተር ብሎ ሄደ።

ለምን? ለዓመታት ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነበር። የታናሽ እህቴ ሠርግ ደርሶ ነበር፣ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ዓመት ቢደግም ቤተሰቡ ይጎዳል፣ ያዘንኩለት እኔ ነኝ አልኩ። እስቲ እናንተው ፍረዱ። ሠርጉ ሊደርስ ከሳምንት በላይ ነበረው። የሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ጊዜ ነበረኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ሰልችቶኝ ነበር። የፈተናው ሰሞን አድክሞኝ፣ የዚያን ክፍል ቁልፍ ከላብራቶሪ ሠራተኛዋ መቀበሉ፣ ያንን አሻንጉሊት እንደገና ማውጣቱ ታከተኝ። ይኸው ነው። ከዚህ የሚከብድ ምክንያት ቢኖረኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ሙክታር ተመርቆ ከድሬዳዋ ወዲያ ባለችው ኤረር ተመደበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ኤረርን ሲያነሳ ወሬ መቀየር ጀመርኩ። በየዓመቱ ሌሎች ተማሪዎችን በዚያው ሥራ እፈትን ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅጽ ሳላስተምር አልፈረምኩም፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ መረርኩ። ጥብቅ ናት ይሉኝ ነበር፤ አንዳንድ ባልደረቦቼ ያመሰግኑኝ ነበር። ምስጋናውን እቀበል ነበር። የሙክታር ስልክ ነበረኝ፤ አልደወልኩም። ደውዬ ምን ልለው ነበር? እጅህ ላይ ስንት ሕፃን ሞተ ብዬ ልጠይቀው? ማወቁን ፈራሁ። አለማወቁም እንቅልፍ አልሰጠኝም። ሁለቱንም ይዤ ልጆቼን አሳደግኩ፣ ሥራ ዋልኩ፣ ሰው አስታመምኩ።

ባለፈው ዓመት በሶማሌ ክልል፣ ሲቲ በሚባለው ዞን ያሉ ጤና ተቋማትን የሚጎበኝ ቡድን ሲቋቋም ስሜ ገባ። ኤረር ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። አሞኛል ብዬ ልቀር ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት። በመጨረሻ ሄድኩ። ከድሬዳዋ እስከ ኤረር ባለው መንገድ መኪና ውስጥ የምጠይቀውን በልቤ ደጋግሜ አዘጋጀሁ።

ሙክታር በር ላይ ተቀበለን። ጢም አውጥቷል፣ ትከሻው ሰፍቷል። «እንኳን ደህና መጡ ዶክተር፣ ደክሞሻል አይደል» ብሎ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። አጠገቡ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ ሲስተር ፎዚያ ይባላሉ፣ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። እሱ ኤዶ ይላቸዋል፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው።

መዝገብ ስናይ አረፈድን። የቡድኑ ሰዎች ወደ ሌላ ክፍል ሲያልፉ፣ ሙክታርም በሽተኛ ሊያይ ሲወጣ ከሲስተር ፎዚያ ጋር ብቻችንን ቀረን። ወተት የገባበት ሻሂ ቀድተው ሰጡኝ። ስኒውን ይዤ ዓመታት የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቅኩ።

«ያልተነፈሰ ልጅ ሲወለድ የሚሠራው ማነው?»

«እሱ ነዋ» አሉ ወደ ወጣበት በር በአገጫቸው እያመለከቱ። «ከእኔም ይበልጣል አሁን። መጀመሪያማ አይችልም ነበር።»

ስኒውን አስቀመጥኩ። እሳቸው ምንም ሳይጠረጥሩ ቀጠሉ።

«በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አንዲት እናት ከሩቅ ቀበሌ መጣች፤ ልጁ ጠቁሮ ወጣ። ሙክታር ቀድሞኝ ደረሰ። አያለሁ፣ ይጨምቃል፤ ደረቱ ዝም። ገፋ አድርጌው ከረጢቱን ተቀበልኩት። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ አለቀሰ። ሌላ ሐኪም ቢሆን በሰው ፊት ገፈተርሽኝ ብሎ ይቆጣኛል። እሱ በነጋታው ጠዋት መጥቶ ‹ኤዶ፣ ይህን ነገር ማንም አላስተማረኝም፣ አስተምሪኝ› አለኝ። ከስልጠና የተረፈ አሮጌ አሻንጉሊት ነበረኝ፤ አንገቱ ተቀዶ በፕላስተር የተለጠፈ። ከምሳ በፊት በየቀኑ በዚያ ተለማመደ። እስኪችል ድረስ ብቻውን ማዋለጃ ክፍል አላስገባሁትም።»

«ከዚያ ልጅ በፊትስ?» አልኩ።

«ምን ከዚያ በፊት?»

«ሌላ ያልተነፈሰ ልጅ ገጥሞት ነበር?»

«የለም። የመጀመሪያው እሱ ነው። አሁን ደህና ልጅ ሆኗል፤ እናቱ ሌላም ወልዳለች።»

አለቀስኩ። ሲስተር ፎዚያ ግራ ገብቷቸው ትከሻዬን ያዙኝ። ማፈር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር፤ እኔ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ እረፍት ነው። ለዓመታት በሐሳቤ የቀበርኳቸው፣ ስም ያልነበራቸው ሕፃናት አልነበሩም። አልሞቱም። አልነበሩም። እፍረቱ የመጣው ቆይቶ ነው።

ከሰዓት ሙክታርን ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስቀመጥኩት። ሳልቆራርጥ ነገርኩት። ሦስት ቀን አስተማርኩት ብዬ መፈረሜን፣ ቀናቱን ከራሴ መፍጠሬን፣ እስክሪብቶ መቀየሬን፣ ሠርጉ ምክንያት እንዳልነበረ ሁሉ ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸም።

«ቅጹን አላየሁትም ነበር» አለ። «እኔ ተስፋ የቆረጥሽብኝ መስሎኝ ነው። ‹ይሄ ልጅ አይሆንለትም፣ ጊዜዬን አላባክንም› ብለሽ የተውሽኝ። ወላሂ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ‹ዶክተር› ብሎ ሲጠራኝ ሌላ ሰው የሚጠራ ይመስለኝ ነበር።»

ይህን ፈጽሞ አስቤው አላውቅም ነበር። ስለ ሕፃናቱ ስጨነቅ ከረምኩ፤ እሱ በዚያ ቃሌ ምን ይዞ እንደሄደ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። ስንት ዓመት ስለ ጥፋቴ ሳስብ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነበር ማለት ነው። የበደልኩት ሰው ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበረ።

«ጉድለቱ የእኔ ነበር» አልኩት። «አንተ አንድ ሰው አጠገብህ ቢቆም ትችለው ነበር።»

«አሁን አውቃለሁ» አለ። ከዚያ «ከእኔ ሌላ እንዲህ ያለፈ ተማሪ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የለም። አንተ ብቻ ነህ።»

እውነት ነበር፤ አመነኝ። ለምን እንዳመነኝ አላውቅም። «እኔ ይቅር ብያለሁ» አለ። «ግን ለእኔ ብቻ ነግሮ ማረፍ አይሆንም፤ ጅግጅጋ ስትመለሺ ይንገሯቸው።» ሁለቱን አነጋገር እንደልማዱ ቀላቀለው፤ እሱም ሰማውና ፈገግ አለ።

ነገርኳቸው። የክፍሉ ኃላፊ አብሮኝ ለዓመታት የሠራ ሰው ነው፤ መነጽሩን አውልቆ ስለ ቀናቱ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ የድሮ ቅጾቼን በሙሉ አስወጥቶ ለሌላ መምህር ሰጠ፤ የቅጾቹን ቀናት ከአሻንጉሊቱ ክፍል የቁልፍ መዝገብ ጋር አመሳከሩ፣ ስልካቸው የተገኘ ተማሪዎችንም ደውለው ጠየቁ። ሌላ የሐሰት ቅጽ አልተገኘም። ዓመት ያህል ከፈታኝነት ተነሣሁ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማኅደሬ ውስጥ ገባ። ዛሬ የወደቀ ተማሪን የሚያስተምረው ሌላ፣ የሚፈትነው ሌላ ነው። ይህ ለውጥ የመጣው በእኔ ጥፋት ነው እንጂ በእኔ ብልኅነት አይደለም። ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። አልፈርድባቸውም። ደብዳቤውን የተቀበልኩ ዕለት ቤት ገብቼ ምሳዬን በልቼ ተኛሁ፤ ባለቤቴ አመመሽ ወይ ብሎ እስኪቀሰቅሰኝ ድረስ ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሁን ሳልነግራት የቀረችኝ አንዲት ሴት አለች። ያቺ ከሩቅ ቀበሌ የመጣችው እናት። ስሟን አልጠየቅኩም። ልጇ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ማንም ባላስተማረው እጅ ላይ ያሳለፈው በእኔ ፊርማ ምክንያት መሆኑን አታውቅም። ሲስተር ፎዚያ ያን ሰዓት ውጭ ቢሆኑስ ኖሮ? ዛሬ ቀሎኛል ብዬ እጽፍ ነበር? አልጽፍም ነበር። ልጁ የተረፈው በእሳቸው እጅ ነው። ሙክታር ሐኪም የሆነውም በእሳቸው ትዕግሥትና በራሱ ትሕትና ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ የሠራሁት ነገር ቢኖር መፈረም ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀሎኛል ስላችሁ ንጹሕ ነኝ ማለቴ አይደለም። እግዚአብሔር ከሚገባኝ በላይ ስለራራልኝ ነው። ይቅር በሉኝ። ካልቻላችሁም አልከራከራችሁም።