አራት መቶ ሃምሳ ሜጋኸርዝ እስከ አጋሮ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አዲሱን ኮምፒውተሯን ስታሳየኝ፣ ስክሪኑ ላይ ያለች አንዲት መስመር ወደ ቀኝ ገፋ አደረገችና "አየሽ እማ፣ ፕሮሰሰሩን ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ አስኬድኩት" አለችኝ። ሳቅ አመለጠኝ። እኔም በሃያ ዓመቴ ያንኑ ሥራ በወረንጦ እንደሠራሁት ስነግራት አላመነችኝም።

ያኔ ጅማ መርካቶ፣ ጋሽ ሰይፉ ፎቶ ቤት ነበር የምሠራው። እሳቸው ሰርግ ይቀርጻሉ፤ እኔ የቀረጹትን ኮምፒውተር ላይ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ኮምፒውተራችን ባለ ሦስት መቶ ሜጋኸርዝ ነበር። ለደብዳቤ መተየቢያ ከበቂም በላይ ነው። የአንድ ሰዓት የሰርግ ፊልም አዋህዶ ለመጨረስ ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ሳንቡሳ በልተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ገበያውን ዞረን ስንመለስ እሱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

የካቲት ውስጥ አባ መጫ የሚባሉ የቡና ገበሬ ከአጋሮ መጡ። ጥር ላይ ጋሽ ሰይፉ የልጃቸውን የዘሃራን ሰርግ ሲቀርጹ፣ አባትየው ወባ ጥሏቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አሁን ሐሙስ ንጋት ላይ ለሐጅ ሊነሡ ነው።

"ኢንተለ ኮ፣" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "የሄደ ሁሉ አይመለስም፣ አላህ ነው የሚያውቀው። የልጄን ሰርግ ሳላይ አልሂድ።"

"ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤትዎ ድረስ ይመጣል" አሏቸው ጋሽ ሰይፉ።

ክፋቱ በዚያ ሳምንት መብራት በፈረቃ ነበር። ለእኛ ሰፈር የሚመጣው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ነው። ምናልባት ይቆይልኝ ይሆናል ብዬ ማክሰኞ ሞከርኩት። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ጨለመ፤ የተሠራው ሁሉ አብሮ ጠፋ። ሥራው ከቆመበት የሚቀጥል ዓይነት አይደለም። ስድስት ሰዓት ተኩል የሚፈልግ ሥራ አምስት ሰዓት ውስጥ እንደማይገባ ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም።

ጋሽ ሰይፉ ለሌላ ቀረጻ ሰቃ ሄደው ነበር። እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣችውን ትንሽ መጽሐፍ አነበብኩ። ነገሩ ቀላል ነው። ዋናው ሰሌዳ በስልሳ ስድስት ይመታል፣ ፕሮሰሰሩ ያንን በአራት ተኩል ያባዛዋል፤ ሦስት መቶ ገደማ ይሆናል። ማባዣው ተቆልፏል፣ አይነካም። የሰሌዳው ምት ግን ጃምፐር በሚሏት፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም በማትበልጥ ፕላስቲክ ይቀየራል። ወደ መቶ ካሳደግሁት አራት መቶ ሃምሳ ይመጣል፤ ስድስት ሰዓት ተኩሉም ወደ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይወርዳል። መጽሐፏ መጨረሻ ላይ ግን ከተፈቀደው በላይ የሮጠ ፕሮሰሰር በሙቀት ሊሞት እንደሚችል ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የእኔ አልነበረም።

ረቡዕ መብራት እንደመጣ ጃምፐሯን በወረንጦ አነሣኋትና ወደ መቶው አዛወርኳት። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ትንሽ ሄደና ደርቆ ቆመ። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ብረት ጣቴን ለበለበኝ። ጎረቤታችን ካለው ሬድዮ ጠጋኝ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ነጭ ቅባት ለምኜ፣ የደረቀውን አሮጌ ቅባት ጠርጌ አዲሱን ቀባሁ። ከተበላሸ ዕቃ የነቀልኩትንም ማራገቢያ በሽቦ አሰርኩበት። አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ሥራውን አስጀመርኩ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ሰይፉ ገቡ። ክዳኑ ወልቆ፣ ሆዱ ተከፍቶ ሲያዩት የካሜራ ቦርሳቸውን እንኳ አላወረዱም።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"አራት መቶ ሃምሳ ላይ ነው የሚሮጠው፣ ጋሽዬ።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም።"

እጃቸውን ወደ ማጥፊያው ዘረጉ።

"አሁን ካጠፉት ለአባ መጫ የምናደርስላቸው ነገር የለም" አልኳቸው።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወደ ብረቱ ወሰዱትና ሙቀቱን ለኩ። ቦርሳቸውን አስቀምጠው ወጡ። አበቃልኝ ብዬ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። ሲመለሱ ከአጠገባችን ሻይ ቤት የከሰል ማራገቢያ ሰሌን ይዘዋል። በርጩማ ስበው ተቀመጡና የተከፈተውን ኮምፒውተር ያራግቡ ጀመር።

"ከተቃጠለ" አሉ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፣ "አብረን ነው የምንቃጠለው።"

እጅ እየተቀያየርን ከሁለት ሰዓት በላይ አራገብን። ፊልሙ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ አለቀ፤ ሲዲው ተገልብጦ ሲወጣ መብራት ሊጠፋ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

በሚኒባስ ወደ አጋሮ ወጣን። ከሳምንት በፊት ዝናብ ጥሎ ስለነበር የመንገዱ ዳርና ዳር ቡና አበባ ብቻ ነበር፤ ያ ጣፋጭ ሽታ በመስኮት እየገባ ዓይኔን በእንቅልፍ ከደነው።

አጋሮ መብራቱ የከሰዓት በኋላ ነበር። አባ መጫ ነጭ ለብሰው፣ ሊሰናበቷቸው በመጡ ጎረቤቶች መካከል ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል። ሙሽራዋ ስትወጣ፣ ሴቶቹ ሲዘፍኑ፣ ግብዣው ሲበላ አዩ። አንድ ቦታ ላይ ግን "መልሺው" አሉኝ። ዘሃራ ካሜራውን ትታ ፊቷን ወደ ሌላ ያዞረችበት ቦታ ነው። ተበላሽቷል ብዬ ልቆርጠው አስቤ፣ ጊዜ አጥሮኝ የተውኩት።

መለስኩት።

"እኔን ነው" አሉ ቀስ ብለው። "በሩን ነው የምታየው። እኔን ነው የምትፈልገው።"

ጨጨብሳ በማር ይዛ የገባችው ዘሃራ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

አባ መጫ ሐጃቸውን አድርገው በሰላም ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ኖሩ። ኮምፒውተሩም በዚያው ፍጥነት እስኪያረጅ ሠራ። ጋሽ ሰይፉ ለደንበኛ ሁሉ "የእኛው አራት መቶ ሃምሳ ነው" ይሉ ነበር፣ ራሳቸው የሠሩት ይመስል።

ዛሬ እዚያው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር የራሴ የጥገና ቤት አለኝ። በወጣትነቴ ያንን ቀን ሳስበው የሚያኮራኝ ብልሃቴ ነበር። አሁን አሁን የሚገርመኝ ግን የጋሽ ሰይፉ ነገር ነው፤ የእንጀራቸውን ዕቃ ሳላስፈቅድ ዘርግፌ አግኝተውኝ አጠገቤ መቀመጣቸው። ከእኔ ጋር የሚሠሩት ወጣቶች አንዳንዴ ሳይነግሩኝ የሰው ዕቃ ሲፈታቱ እደርስባቸዋለሁ። መቆጣቱንስ እቆጣለሁ። ከእጃቸው መንጠቅ ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።