በሐምዲ ቀናሁ

ዛሬ ጠዋት ሐምዲ ደውላ «ላይክሽን አየሁት» አለችኝ።

ሐምዲ ጅጅጋ አቅራቢያ ባለው ሸደር መጠለያ ያደገች የሶማሊያ ስደተኛ ናት። እኔ እዚያ ክሊኒክ ነርስ ነኝ፤ እሷ ታስተረጉምልኛለች። በቅርቡ በተመድ የስደተኞች ማስፈሪያ በኩል ወደ ካናዳ ልትሄድ ነው።

ትናንት አንድ ጋዜጣ እንዲህ ስለሚሄዱ ስደተኞች በፌስቡክ ገጹ ጽፎ፣ ከሥሩ ኮሜንቱ ጦርነት ነበር። አንዱ «እኛ ዜጎቹ ቪዛ እየተከለከልን እነሱ በነጻ ይሄዳሉ» ይላል። እኔም ቪዛ ተከልክዬ አንጀቴ ያረረ ነኝና ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ላይክ አደረግኩት።

«ሐምዲዬ፣ አንቺን ማለቴ አይደለም» አልኳት።

«እኔን ነው እንጂ» አለች፤ ድምጿ ቁጣ የለውም። «ቀንተሽ ነው። እኔም ዋላሂ እቀናብሻለሁ። ለበዓል ደሴ ስትሄጂ እናትሽ መናኸሪያ ድረስ መጥታ ትቀበልሻለች። እኔን ማን፣ የት ይቀበለኛል?»

ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ላይኩንም አነሳሁ።

ከሰዓት ጅጅጋ ገበያ ሻንጣ ልንገዛ አብረን ወጣን። ትልቁን መርጣ ስትስቅ ያው ቅናት እንደገና መጣብኝ። (እሱንም እንደ ላይክ ተጭኖ ማጥፋት ቢቻል!) ቢሆንም ሻንጣውን ወደ ሸደር እስከሚመልሳት መኪና ድረስ የተሸከምኩላት እኔ ነኝ።

እናንተስ በምትወዱት ሰው ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ስድቡ ግን እዚያው ጋዜጣው ገጽ ላይ ይቅር።