ጋሼ «ጥርስ ይጠብቃል?» ሲሉ

ስለ አጎቴ ስለ ጋሼ ላውራችሁ። በስደት በምንኖርበት በኢስት ዮርክ ሰፈር እንደኔ አክሲዮን የሚያውቅ የለም፤ ያላመነ ስልኬን ይይ። ጋሼን ግን አሳምኛቸው አላውቅም።

ከደመወዛቸው እየቀነሱ ለሕክምና ያስቀምጡ ነበር፤ መንግሥት ለማይከፍለው፣ በተለይ ለሚስታቸው ለእትዬ ጥርስ። አንድ ቀን ባንክ አብረን ሄድን። ሠራተኛዋ «ምን ላይ ኢንቨስት እናድርገው?» ስትል እኔ ቀደም አልኩና «ሁሉንም አክሲዮን ላይ!» አልኩ።

ጋሼ አፈጠጡብኝ። «አንተ ቀባጣሪ! አክሲዮኑ ቢወድቅ፣ እስኪነሳ ጥርስ ይጠብቃል?»

«ችግር የለም ጋሼ፣ እትዬን በሾርባ እናቆያቸዋለን።»

አልሳቁም። ብሩን የጊዜ ገደብ ያለው፣ ግን በፈለጉት ቀን የሚወጣ ቁጠባ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ ምን አዲስ ነገር ባወራላቸው መልሳቸው «ጥርስ ይጠብቃል?» ሆነ።

ጋሼ ካረፉ በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት፣ እትዬን ይዤ እዚያው ባንክ ሄድኩ። የቁጠባው ጊዜ አልቆ አዲስ መምረጥ ነበረብን። ጥርሳቸው ደግሞ በቅርቡ ይሠራል ተብሏል። በመሀላችን ያለው ወንበር ባዶ ነው።

«አንተ ታውቃለህ፣ ምረጥ» አሉኝ።

አክሲዮኑ ሰሞኑን እየጨመረ ነው፤ ስሙ አፌ ላይ ደርሷል። የሚከለክለኝ የለም። ወደ እትዬ ዞርኩ።

«እትዬ፣ እባክዎ ይቆጡኝ።»

«እኔ መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ ልጄ?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «የሚቆጡልኝ እሳቸው ነበሩ።»

ወደ ሠራተኛዋ ዞርኩና «አክሲዮኑ ይቅር፣ በፈለጉት ቀን የሚወጣው ላይ አድርጊው» አልኳት። ስንወጣ እትዬ ክንዴን አጥብቀው ያዙኝ፤ እኔም «ጥርስ አይጠብቅማ!» አልኳቸው።