ግድግዳ የሌላቸው ቤቶች

እኔ ሰሚያ የወረታ ነጋዴ ልጅ ነኝና ምላሴ አያርፍም። ይህን የማወራው ግን ስለ ጥሩብርሃን የሚወራው ስለተዛባ ነው። "መምህሯን ሰድባ ኮርሱን አለፈች" ይላሉ። ወላሂ ውሸት ነው! አጠገቧ ነበርኩ።

ጥሩብርሃን ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ርብ ወንዝ ዳር ካለ የሩዝ አገር የመጣች የቄስ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ለሁለታችንም ሥነ ጥበብ ደረሰን፤ እኔ አለቀስኩ፣ እሷ እልል አለች። አባቷ ቄስ ካሴ ነርስ እንድትሆን ነበር ያሰቡት። "ሥዕል ካማረሽ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሙሉ ሥዕል ነው፤ ቁመሽ እይ!" አሏት። እሷ እቴ መቼ ትሰማለች! በመጨረሻ "እሺ ሂጂ፤ አንድ ኤፍ ካመጣሽ ግን ጓዝሽን ጠቅልለሽ ትመለሻለሽ" ብለው ሸኟት። ቄስ ካሴ ደግሞ ያሉትን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

የመጀመሪያው ዓመት ወር ሙሉ መስመር፣ ወር ሙሉ ጥላ ነው። ከዚያ ፐርስፔክቲቭ መጣ፤ ቅርቡን ትልቅ፣ ሩቁን ትንሽ አድርጎ መሳል ማለት ነው። የሚያስተምሩን መምህር ደረሰ ጎበዝ ናቸው፣ ግን አንዴ የተናገሩትን መመለስ ሞታቸው ነው። "ያደጋችሁበትን ሰፈር ሳሉ፤ አርባ ነጥብ አለው" አሉን። ይህን ያጣ ኮርሱን ወደቀ ማለት ነው።

እኔ የአባቴን ሱቅ ከነመደርደሪያው ሳልኩ። ጥሩብርሃን ሦስት ሳምንት ስታጠፋ ስትስል ከርማ ያመጣችው ግን ጉድ ነበር። ቤቶቹ ግድግዳ የላቸውም፤ የሣር ጣራ ብቻ! ዛፎቹም ግንድ የላቸውም።

መምህሩ ሥዕሉን አንስተው ለክፍሉ አሳዩት። "ጣራ መሬት ላይ ይቀመጣል እንዴ? ግድግዳውን የት ጣልሽው?" ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። እኔም ሳቅሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

"አልጣልኩትም መምህር። እንደነበረው ነው የሳልኩት" አለች።

"አልጨረስሽም። ግድግዳ ጨምሪበትና ነገ አምጪ፤ አለዚያ ዜሮ ነው።"

መኝታ ክፍላችን ገብተን ለመንኳት። "አንቺ ሴትዮ፣ ሁለት ሁለት መስመር ነው! ጨምሪና ገላግዪን! አባትሽን ረሳሽ?"

"አልረሳሁም። ያላየሁትን ግን አልጨምርም።"

በማግስቱ መምህሩ ቢሮ ስትሄድ ነገር እንዳታበላሽ ብዬ ተከተልኳት። ያንኑ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋችው።

"የአድማሱ መስመር የተመልካቹን ዓይን ከፍታ ያሳያል ያሉን እርስዎ አይደሉም? እስቲ የኔ ዓይን የት እንደነበር ይዩት።"

መምህሩ ጎንበስ አሉ። "ጣራዎቹ ሁሉ ከአድማሱ በታች ናቸው፤ እንግዲህ ከፍ ያለ ቦታ ነሽ። አገርሽ ፎገራ ግን ሜዳ ነው። የት ወጥተሽ ነው?"

"ሾላ ዛፍ ላይ። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ርብ ሞልቶ የወጣ ጊዜ። አባቴ በጋቢያቸው ከቅርንጫፉ ጋር አስረውኝ ሁለት ቀን ከዚያ ነው ያየሁት። ግድግዳው ውሃ ውስጥ ነው።"

መምህር ደረሰ ዓይናቸው ቀላ። ከዚያ እስክሪብቶ አንስተው ወረቀቱ ጥግ ላይ አርባ ከአርባ ጻፉ። "ይቅርታ ልጄ፣ አላወቅሁም" አሉ። እኔ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። እንውጣ ብዬ ክንዷን ብጎትት፣ ወይ ፍንክች!

"ይኸ ነጥብ ለምንድን ነው መምህር?"

"ያ ሁሉ ደርሶብሽ…"

"ለደረሰብኝ ከሆነ ይሰርዙት። ለጎርፉማ የርዳታ ስንዴ ሰጥተውናል። እኔ የመጣሁት ሥዕል ልማር ነው፤ ሥዕሉን ይረሙልኝ።"

ያ አላህ! በዚያች ሰዓት ባንቃት ደስ ባለኝ። ሰውዬው ተናደው ዜሮ ቢጽፉስ? ቄስ ካሴስ ምን ሊሉ ነው?

መምህሩ ትክ ብለው አዩዋትና አርባውን ሰረዙት። ክንዷን ለቀቅሁት። ማስመሪያ አወጡና እያንዳንዱን ጣራ ከቅርብ እስከ ሩቅ መለካት ጀመሩ። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ሩቅ፣ ከአድማሱ ሥር፣ አንዲት የደንገል ታንኳ ላይ ሲደርሱ ማስመሪያው ቆመ።

"ይቺ ስታለች። ለሩቅነቷ በጣም ትልቅ ናት።"

ጥሩብርሃን ጎንበስ ብላ አየች። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠነ። "ልታወርደን የመጣችው ናት። ያን ቀን እሷን ብቻ ነበር የማየው።"

"ይገባኛል" አሉ መምህሩ። "ሁለት ነጥብ ግን እቀንሳለሁ።"

"ይቀንሱ!" አለች። ሦስት ሳምንት ጥርሷን ያላየሁት ልጅ፣ ፊቷ እየሳቀ ላጲስ ጠየቀቻቸው።