ቡሪ ላይ ያቆምኩት ግንብ

ካርቱም ውስጥ ግንበኛ ሆኜ ስምንት ወር ሥራ ፈትቼያለሁ። በሄድኩበት ሁሉ “የት ሠርተሃል? ማን ይመሰክርልሃል?” ይሉኛል። አገሬ የሠራሁትን ቤት ተሸክሜ ልምጣላቸው?

በመጨረሻ ሐጅ የሚሏቸው አንድ ኮንትራክተር “ጠዋት ቡሪ ሰፈር ጠብቀኝ፤ በመኪና ጀሪፍ ወዳለው ሥራዬ ወስጄ እሞክርሃለሁ” አሉኝ።

ከንጋት ጀምሮ መንገድ ዳር ቆሜ እቁነጠነጣለሁ። ሐጁ የሉም። የሱዳን አብዮት የተፋፋመበት ጊዜ ነበርና የሰፈሩ ወጣቶች ወታደር እንዳያልፍ መንገዱን ለመዝጋት ጡብ ይከምራሉ። አከማመራቸው ደግሞ! አንዱን ሲያስቀምጡ ሁለት ይወድቃል። ላለማየት ፊቴን ባዞርም አልሆነልኝም፤ እጄን በላኝ።

“ኧረ እንዲህ አይደለም!” ብዬ ገባሁ።

“ያላ፣ ያ ሐበሻ! በል ቶሎ!” እያሉ ጡብ ያቀብሉኝ ጀመር።

የላዩን ጡብ በታቹ መገጣጠሚያ ላይ እያሳረፍኩ፣ በሲባጎ እያስተካከልኩ፣ ወፍራም ግንብ እስከ ደረቴ ድረስ አቆምኩ። አጨብጭበውልኝ ወደሚቀጥለው መንገድ ሄዱ። እኔም ራቅ ብሎ ወዳለው ጥላ ተመልሼ መጠበቄን ቀጠልኩ።

ስልኬ ጮኸ። ሐጁ ናቸው፤ በንዴት ያለከልካሉ።

“አንተ ጋ ልደርስ ስል አንዱ ሸይጣን መንገዱን በግንብ ዘጋብኝ! ሌላ ቦታ የከመሩትን በእግሬ እየናድኩ አልፌ ነበር። ይሄን ግን ረገጥኩት፣ ገፋሁት፤ ወላሂ ንቅንቅ አይልም! በቃ፣ ተመልሼ ከጀሪፍ ሌላ ሰው እወስዳለሁ።”

ዘጉት።

ስምንት ወር ሙሉ ያጣሁትን ምስክር ያን ቀን አገኘሁት።