ለይለፍ የገደልኳቸው አጎቴ

በጣሊያን ጊዜ ከጎንደር ወደ ጃናሞራ ያለ ይለፍ ወረቀት መሄድ ክልክል ነበር፤ አገሩ አርበኛ የሞላበት ነዋ። የእኔ ሠርግ ደግሞ እዚያው መካነ ብርሃን፣ ሙሽራዬ ቤት ተደግሷል። ለሠርግ ብለው የጠየቁ ሁሉ ሲባረሩ አይቼ፣ እኔ ብልጡ ጎንደር አራዳ ካለው የጣሊያን ይለፍ ቢሮ ገብቼ «አጎቴ አያ ተሰማ ሞተውብኝ ለቅሶ ልደርስ ነው» ብዬ ደረቴን ደቃሁ። አስተርጓሚው የጃናሞራ ሰው ነበርና አብሮኝ አለቀሰ። ጣሊያኑ ሹም ለቅሷችን ሲሰለቸው ማኅተሙን መታልኝ።

መንገዱን ሁሉ በብልጠቴ እየሣቅሁ ደረስኩ። ከሠርጉ ዳስ ግን የሚሰማው ከበሮ ሳይሆን ሙሾ ነው። ለካ አስተርጓሚው ደግ ሰው ኖሮ መርዶውን በአገሩ ሰው አስቀድሞ ልኮልኛል! አማቴ አቅፈውኝ፣ «እግዜር ያጥናህ ልጄ፤ በሐዘን ላይ ሠርግ የለም» አሉ። እውነቱን እንዳልናገር ወሬው ጣሊያን ጆሮ ይገባል። ምን ላድርግ፣ በቁማቸው ላሉ ሰው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ይህን ጊዜ ከሩቅ መንደር የመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አገልድመው፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ ወግ ከደጅ ጀምረው ዋይ ዋይ እያሉ ገቡ። ለሠርጌ ያመጡትን ሙክት ገመዱን እንደያዙ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። አያ ተሰማ ናቸው።

«ምነው ልጄ፣» አሉኝ እንባቸውን እያዘሩ፣ «ማን ሞቶብን ነው?»